ታይሮይድዎ በመጠኑ ከደከመ የደም ቅባትዎን እንዴት እንደሚመረምሩና እንደሚከታተሉ

የደም ምርመራ ውጤት ተቀብለው በአንዱ መስመር ላይ ኮሌስትሮል፣ በሌላው መስመር ላይ ደግሞ ቲኤስኤች (የታይሮይድን ሥራ ለማወቅ የሚለካው ሆርሞን) ከፍ ብለው ካገኟቸው፣ ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ አያንብቧቸው። ብዙ ጊዜ ግን የሚነበቡት ለየብቻ ነው። ኮሌስትሮሉን ያየው ሐኪም ለኮሌስትሮሉ፣ ታይሮይዱን ያየው ሌላ ሐኪም ለታይሮይዱ መድኃኒት ያዝዛል፤ ታማሚው ሁለት ዓይነት ክኒን ይዞ ቤቱ ሲገባ የትኛው ምን ያህል እንደሚጠቅመው የነገረው ሰው የለም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከደም ቅባቱ ውስጥ የታይሮይዱ ድርሻ የቱ ያህል እንደሆነ፣ የቀረውስ ከየት እንደመጣ ከሐኪምዎ ጋር ሆነው በቅደም ተከተል እንዲለዩ ለመርዳት ነው። መድኃኒት መጀመር፣ መጠኑን መለወጥም ሆነ ማቆም ግን የሐኪም ውሳኔ ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንዲት የ48 ዓመት ሴት በምሳሌነት እንውሰድ። ድካም ስለበዛባት ተመርምራ ቲኤስኤች 7.2፣ ነፃ ቲ4 (ታይሮይዱ ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን) በመደበኛው ክልል ውስጥ፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 238፣ ኤችዲኤል («ጥሩ» የሚባለው ኮሌስትሮል) 46፣ ትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ቅባት ዓይነት) 160 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆኖ ተገኘ እንበል። በየደረጃው ወደ እርሷ እንመለሳለን።

መጀመሪያ ስያሜውን እናጥራ። ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ የሚመነጭ፣ አንገት ላይ ያለውን ታይሮይድ ሥራህን ሥራ እያለ የሚቀሰቅስ ሆርሞን ነው። ታይሮይዱ ሲደክም ቅስቀሳው ይበረታል፤ ስለዚህ ቲኤስኤች ከፍ ይላል። ብዙ ላቦራቶሪዎች መደበኛ የሚሉት በሊትር ከ0.4 እስከ 4.0 ወይም 4.5 ሚሊ ዩኒት ያለውን ነው። ቲኤስኤች ከዚህ አልፎ ነፃ ቲ4 ገና ካልወረደ መለስተኛ የታይሮይድ ማነስ ይባላል። ነፃ ቲ4 ከወረደ ግን ግልጽ የታይሮይድ ማነስ ነውና ሕክምናው አያጠያይቅም፤ ይህ መመሪያም እርሱን አይመለከትም።

ታይሮይድና ኮሌስትሮል የሚገናኙት ጉበት ላይ ነው። የጉበት ሴሎች ኤልዲኤል የተባለውን ኮሌስትሮል ተሸካሚ ከደም ውስጥ እየለቀሙ የሚያስገቡ ተቀባዮች አሏቸው፤ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ከእነዚህ ተቀባዮች ጋር በተያያዘው ሥራቸው ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ጉበት ተቀባዮቹን እንዲያበዛ፣ ኮሌስትሮልንም ወደ ሐሞት አሲድ እየለወጠ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ሆርሞኑ ሲያንስ ጉበት ራሱ የሚሠራው ኮሌስትሮልም ይቀንሳል፤ የሚለቀመው ግን ከዚያ የበለጠ ስለሚቀንስ ኤልዲኤል ደም ውስጥ ይጠራቀማል። የገንዳው ቧንቧ ቢጠብም መውረጃው ይበልጥ ከተደፈነ ውሃው ከፍ ማለቱ አይቀርም። ትራይግሊሰራይድን የሚሰባብረው ኢንዛይምም ስለሚዳከም እርሱም አንዳንዴ አብሮ ይጨምራል። በመለስተኛው ማነስ ይህ ሁሉ የሚሆነው በመጠኑ ነው፤ ቀጥሎ ያሉት ደረጃዎችም በዚህ «በመጠኑ» ላይ የቆሙ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ቲኤስኤች በእውነት ከፍ ማለቱን ያረጋግጡ

በአንድ ምርመራ ብቻ የዕድሜ ልክ ክኒን መጀመር ተገቢ አይደለም። ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ተገኝቶ ምንም ሳይደረግለት በራሱ ጊዜ የሚመለስባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ቲኤስኤች ከነፃ ቲ4 ጋር እንዲደገም፣ አብሮም ፀረ ቲፒኦ የተባለው ምርመራ እንዲሠራ ይጠይቁ። ፀረ ቲፒኦ ከተገኘ የሰውነት መከላከያ ራሱ ታይሮይዱን እያጠቃው ነው ማለት ነው፤ ይህም ሐሺሞቶ የሚባለው ሕመም ሲሆን ቲኤስኤች ወደፊት ይበልጥ የመጨመር ዕድል አለው።

ደም የሚሰጡበት ሰዓት ቁጥሩን ይለውጠዋል። ቲኤስኤች ሌሊትና ማለዳ ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝቅ ይላል፤ የመጀመሪያው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተወስዶ ከሆነ ሁለተኛውም በዚያው ሰዓት፣ ቢቻል በዚያው ላቦራቶሪ ይሁን። ከከባድ ሕመም እያገገሙ ከሆነ ጤናዎ እስኪመለስ ይጠብቁ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን በአንዳንድ የምርመራ መሣሪያዎች ላይ ቲኤስኤችን በሐሰት ዝቅ፣ ቲ4ን በሐሰት ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪምዎ ነግረው ቢያንስ 2 ቀን ቀደም ብለው ያቁሙት። ለልብ ምት የሚሰጠው አሚዮዳሮንና ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሊቲየም ታይሮይዱን ራሱን ስለሚነኩ የሚወስዱትን ሁሉ ዘርዝረው ይናገሩ። ዕድሜም መታሰብ አለበት፤ ቲኤስኤች ከእርጅና ጋር በተፈጥሮው ከፍ ስለሚል፣ የ80 ዓመት አዛውንት ላይ የታየ 6 ወጣት ላይ ከታየ 6 ጋር አንድ አይደለም።

የምሳሌያችን ሴት ከ10 ሳምንት በኋላ ስትመረመር ቲኤስኤች 6.9 ሆነ፤ ፀረ ቲፒኦም ተገኘባት። ስለዚህ ማነሱ እውነተኛ ነው።

ደረጃ 2፦ የቅባት ምርመራውን ሊነጻጸር በሚችል ሁኔታ ያሠሩ

ላቦራቶሪው «ጾመው ይምጡ» ሲል ከሃይማኖት ጾም ጋር እንዳይምታታ ያስፈልጋል። የሚፈለገው ባዶ ሆድ ነው፤ ማለትም ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል ከውሃ በቀር ምንም አለመቅመስ። ጠዋት ሽሮ በልቶ የሄደ ጿሚ ለሃይማኖቱ እንደጾመ ነው፣ ለምርመራው ግን በልቷል። ዛሬ በብዙ አገሮች ለመደበኛ የቅባት ምርመራ ባዶ ሆድ ግዴታ አይደለም፤ ትራይግሊሰራይድ ከፍ ያለበት ሰው ግን ባዶ ሆዱን ቢመረመር ይሻላል። ከሁሉም በላይ ግን የሚነጻጸሩ ምርመራዎች በአንድ ዓይነት ሁኔታ መወሰዳቸውን ይጠብቁ።

ሌላም በአገራችን በእጅጉ የሚያሳስት ነገር አለ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ያልቀመሰ ሰው በጾሙ መጨረሻ ቢመረመር ኤልዲኤሉ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ያው ሰው ከፋሲካ 3 ሳምንት በኋላ ቢመረመር ደግሞ ከፍ ሊል ይችላል። የታይሮይድ ክኒን ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ከፋሲካ በኋላ የተለካ ሰው «ክኒኑ ኮሌስትሮሌን ጨመረው» ሊል ይችላል፤ በፍስክ ወቅት ጀምሮ በጾም የተለካው ደግሞ ክኒኑን ያለ ሥራው ያመሰግነዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውጤት አጠገብ የጾም ወቅት ይሁን የፍስክ ይጻፉ። በረመዳን ወርም የምግቡ ሰዓትና ዓይነት ስለሚለወጥ እንዲሁ ምልክት ያድርጉበት።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩን ራስዎ ያስሉ

መጀመሪያ መለኪያውን ይዩ። አንዳንዱ ላቦራቶሪ በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ሌላው በሚሊሞል በሊትር ይሰጣል፤ በተለይ አንዱን ምርመራ አገር ቤት፣ ሌላውን አውሮፓ ያሠራ ሰው ይህን ሳያይ ሊደነግጥ ይችላል። የኮሌስትሮልን ሚሊሞል በ38.67 ቢያባዙት ሚሊግራም ይሆናል፤ ለትራይግሊሰራይድ ማባዣው 88.57 ነው።

ኤልዲኤል ብዙ ጊዜ በቀጥታ አይለካም፣ ይሰላል። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የሚሠራበት የፍሪድዋልድ ስሌት ከጠቅላላ ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልንና የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ይቀንሳል። በምሳሌያችን ሴት 160 ለ5 ሲካፈል 32 ነው፤ ከ238 ላይ 46ና 32 ሲነሱ ኤልዲኤሏ 160 ይሆናል። ትራይግሊሰራይድ ከ400 በላይ ከሆነ ይህ ስሌት አይታመንም፤ በቀጥታ ማስለካት ያስፈልጋል። ኤችዲኤልን ብቻ ከጠቅላላው ሲቀንሱ የሚገኘው ደግሞ፣ በእርሷ 192፣ የደም ሥርን የሚጎዱትን ቅባቶች ሁሉ የሚያጠቃልል በመሆኑ ትራይግሊሰራይድ ከፍ ላለበት ሰው ከኤልዲኤል የተሻለ መረጃ ነው።

ኤልዲኤል ከ100 በታች ጥሩ፣ ከ130 እስከ 159 ወደ ከፍተኛው የተጠጋ፣ ከ160 እስከ 189 ከፍተኛ፣ 190ና ከዚያ በላይ እጅግ ከፍተኛ ተብሎ ይመደባል። ትራይግሊሰራይድ ከ150 በታች ቢሆን ይመረጣል።

ደረጃ 4፦ ሌሎች ምክንያቶችን ይፈትሹ

ታይሮይዱ ስለተገኘ ብቻ ምክንያቱ እርሱ ነው ብሎ መቆም አይገባም። ስኳር፣ የኩላሊት ሥራ፣ የሽንት ፕሮቲንና የጉበት ምርመራ ይሠሩ። ኤልዲኤል 190ና ከዚያ በላይ ከሆነ መለስተኛ የታይሮይድ ማነስ ብቻውን እዚህ አያደርሰውም ብለው ያስቡ፤ በቤተሰብ የሚወረስ ኮሌስትሮል ሊሆን ስለሚችል ወላጆች፣ ወንድምና እኅት፣ ልጆችም ቢመረመሩ መልካም ነው። በቤተሰብ ውስጥ በጎልማሳ ዕድሜው በድንገተኛ የልብ ሕመም የሞተ ሰው ካለ ይህን ሳይደብቁ ለሐኪም ይናገሩ።

ደረጃ 5፦ ከታይሮይድ ክኒን ምን እንደሚጠበቅ አስቀድመው ይወቁ

ብዙ ተስፋና ብዙ ቅሬታ የሚመነጨው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአንድነት የተገመገሙ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ መለስተኛ ማነስ ያለባቸው ሰዎች ሌቮታይሮክሲን የተባለውን የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን ሲወስዱ ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው በአማካይ ወደ 8፣ ኤልዲኤላቸው ወደ 10 ሚሊግራም ያህል ቀንሷል። ቅነሳው የሚጎላው መነሻ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ባሉት ሰዎች ላይ ነው። ኤልዲኤሏ 160 የሆነች ሴት እንግዲህ 150 አካባቢ ብትጠብቅ ተገቢ ነው፤ 100 ብትጠብቅ ግን ታዝናለች። በአንጻሩ ስታቲን የተባለው ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት፣ መካከለኛ ኃይል ያለው፣ ኤልዲኤልን ከ30 እስከ 49 በመቶ ይቀንሳል። ሁለቱ መድኃኒቶች አንዱ ሌላውን የሚተኩ አይደሉም።

እንግዲያው ክኒኑ ለማን ይሰጥ? ቲኤስኤች 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ አብዛኛው ሐኪም ያክማል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ55,000 በላይ ሰዎችን ባካተተ ትንተናም የልብ ሕመም አደጋው ጎልቶ የታየው በዚሁ ወገን ነው። ከ10 በታች ሲሆን ግን ውሳኔው ሰውየውን ያያል፤ ዕድሜው፣ ምልክቶቹ፣ ፀረ ቲፒኦው፣ የልብ አደጋው ሁሉ ይመዘናሉ። ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆኑ 737 ሰዎችን የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ትረስት የተባለው ጥናት፣ ክኒኑ በድካምም ሆነ በሌሎች ምልክቶች ላይ ጥቅም እንዳላስገኘ አሳይቷል። ስለዚህ አዛውንት እናትዎ ቲኤስኤቻቸው 5.8 ሆኖ ሐኪሙ «እንከታተል እንጂ አንጀምር» ቢላቸው ችላ እንዳላቸው አይቁጠሩት።

መጠኑን ከፍ በማድረግ ኮሌስትሮልን ይበልጥ ለማውረድ የሚደረግ ሙከራ አደገኛ መሆኑን በጥብቅ ላሳስብ እወዳለሁ። በአሜሪካ በተደረገው የኮሮነሪ መድኃኒት ጥናት ታይሮይዳቸው ጤነኛ ለሆነ የልብ ሕሙማን ዴክስትሮታይሮክሲን የተባለው የሆርሞኑ ዘመድ ለኮሌስትሮል ተሰጥቶ ነበር። ኮሌስትሮሉ ወረደ፤ የሟቾች ቁጥር ግን ስለበዛ መድኃኒቱ ከጥናቱ እንዲወጣ ተደረገ፤ ዘገባውም እ.ኤ.አ. በ1972 ወጣ። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ የልብ ምትን ያዛባል፣ አጥንትን ያሳሳል። ክኒኑ የሚሰጠው የጎደለውን ለመሙላት ብቻ ነው።

ደረጃ 6፦ ክኒኑ ከታዘዘ አወሳሰዱን ይጠብቁ

ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይወሰዳል፤ ወይም ማታ ከመኝታ በፊት፣ ከመጨረሻው ምግብ 3 ሰዓት ያህል ቆይቶ። ቡና ክኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውክ ከቡና ጋርም ሆነ ቡና ተጠጥቶ ወዲያው መውሰድ አይገባም። በብዙ ቤት ጠዋት ጀበናው ከምንም ነገር በፊት ይጣዳል፤ ክኒኑ ሲኒዎቹ አጠገብ ተቀምጦ ከአቦል ጋር ይዋጣል። በዚህ መንገድ የሚወስድ ሰው ቲኤስኤቹ አልወርድ ሲል መጠኑ ይጨመርለታል፣ ከዚያም ቡና በሌለበት ሰሞን ይበዛበታል። ክኒኑን አልጋ አጠገብ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር አስቀምጦ እንደነቁ መውሰድና ቡናውን ለአንድ ሰዓት ማቆየት መፍትሔው ነው። የብረትና የካልሲየም ክኒኖች፣ የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፖችም 4 ሰዓት ይራቁት። ጠዋት ቢረሱት በዚያው ቀን ሲያስታውሱ ይውሰዱ፤ መድኃኒቱ ከሰውነት በግማሽ ለመቀነስ 7 ቀን ያህል ስለሚፈጅበት የጥቂት ሰዓት መዘግየት አይጎዳም።

ደረጃ 7፦ በጊዜው ይለኩ

ክኒኑ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተለወጠ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች ይለካል፤ ከዚያ በፊት የሚለካው ገና ያልረጋ ቁጥር ነው። የደም ቅባቱን መዝኖ ፍርድ የሚሰጠው ደግሞ ቲኤስኤች ወደ መደበኛው ከተመለሰ በኋላ ነው። አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ያስፈልጋል፦ ኤልዲኤል በአንድ ሰው ላይ ምንም ሳይደረግ ከ5 እስከ 10 በመቶ ከፍ ዝቅ ይላል። በ160 ላይ ይህ ከ8 እስከ 16 ነው፤ ክኒኑ በአማካይ ከሚያመጣው 10 ጋር የሚስተካከል። የምሳሌያችን ሴት በ50 ማይክሮግራም ቲኤስኤቿ 2.1፣ ኤልዲኤሏ 148 ቢሆን፣ ያ 12 ሙሉ በሙሉ የክኒኑ ሥራ ነው ብሎ ለመማል በአንድ መለኪያ አይቻልም፤ ከ2 ወር በኋላ ቢደገም ይታወቃል። ያም ሆኖ 148 ገና ከፍ ያለ ነው፤ ይህ ደግሞ ከታይሮይዱ ጋር የማይገናኝ፣ የራሱ ሕክምና የሚፈልግ ቅባት ነው።

ደረጃ 8፦ የቀረውን ቅባት ለብቻው ያክሙ

ምግብ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ የረጋ ቅባት ነው። ኤልዲኤል መቀነስ ለሚገባው ሰው የአሜሪካ የልብ ማኅበር የሚመክረው የረጋ ቅባት ከቀኑ ኃይል 6 በመቶ እንዳይበልጥ ነው፤ በ2,000 ካሎሪ ይህ 13 ግራም ያህል ይሆናል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብቻውን ከ8 እስከ 9 ግራም ይይዛል። ከፓልም የሚሠራው፣ ሲበርድ የሚረጋው ዘይትም ግማሽ ያህሉ የረጋ ቅባት ነው፤ በአቅም ምክንያት ይህንኑ የሚጠቀም ቤተሰብ ቢያንስ መጠኑን ቢቀንስ፣ ሲችል ወደ ኑግ ወይም ወደ ሱፍ ዘይት ቢዞር ይጠቅመዋል።

ገብስና አጃ ደግሞ ቤታ ግሉካን የሚባል ኮሌስትሮል የሚያስወግድ አሠር አላቸው። በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ኤልዲኤልን በአማካይ ወደ 10 ሚሊግራም ይቀንሳል፤ ይህም የታይሮይድ ክኒኑ በመለስተኛ ማነስ ከሚያመጣው ጋር እኩል መሆኑን ልብ ይበሉ። የገብስ ገንፎ እንግዲህ መልካም ቁርስ ነው፤ መሃሉ ተጎድጉዶ የሚሞላው ቅቤ ግን ያገኘውን መልሶ ይወስድበታል። በቅቤው ፈንታ ተልባ ወይም እርጎ ይሞክሩ። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላም ከዚሁ ወገን ናቸው። «ታይሮይድ ያለበት ሰው ጎመን አይብላ» የሚለው አባባል በሰፊው ይሰማል፤ አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀም ሰው የተቀቀለ ጎመን በልኩ ቢበላ አይጎዳም፣ ለኮሌስትሮሉም ይረዳዋል። አዮዲን ያለው ጨው የአዮዲን እጥረትን ይከላከላል እንጂ ሐሺሞቶን አያድንም፤ የአዮዲን ጠብታ ወይም የባሕር አረም ክኒን መጨመር ደግሞ ታይሮይዱን ሊያባብሰው ይችላል።

ተፈልቶ በወረቀት ያልተጠለለ ቡና ካፌስቶል የተባለ ኤልዲኤልን የሚጨምር ቅባት ይኖረዋል። ከአቦል እስከ በረካ በየቀኑ ሁለት ጊዜ የሚጠጣ ሰው ሲኒዎቹን ቢቀንስ፣ ወይም የተወሰነውን በወረቀት ማጥለያ ቢያጠልል ለውጥ ሊያይ ይችላል። ቡናው ይቅር የሚል ምክር የለኝም፤ ጎረቤት የሚሰበሰብበት ነውና።

ስታቲን ካስፈለገ ታይሮይዱ ቀድሞ መታወቁ የሚያስፈልግበት ሌላ ምክንያት አለ፦ ያልታከመ የታይሮይድ ማነስ ከስታቲን የሚመጣውን የጡንቻ ሕመም ያባብሳል። ስታቲን ጀምረው ጭንዎን ወይም ትከሻዎን በብርቱ ካመመዎት ወይም ሽንትዎ ከጠቆረ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያግኙ። በሌላ በኩል ከዚህ ቀደም ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የደረሰበት ሰው፣ ቲኤስኤቹ 6 ስለሆነ ብቻ ስታቲኑ ለወራት ሊዘገይበት አይገባም።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ ይህን ሁሉ ቅደም ተከተል ይተዉት። በእርግዝና ኮሌስትሮልና ትራይግሊሰራይድ በተፈጥሮ ከፍ ስለሚሉ ያን ጊዜ የሚለኩበት ምክንያት እምብዛም የለም፤ ቲኤስኤች ግን ለእርግዝና በተለየ ክልል ስለሚነበብና ለፅንሱም ስለሚያስፈልግ 2 ወር ሳይጠብቁ በቶሎ መታየት አለብዎት። ስታቲን እየወሰዱ ካረገዙ ወዲያውኑ ለሐኪም ያሳውቁ።

ክኒኑ ያልታዘዘለት ሰውም ክትትሉ አይቀርበትም፤ ቲኤስኤችና የደም ቅባት መጀመሪያ በ6 ወር፣ ከረጋ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ አብረው፣ ከአንድ ደም ናሙና ይለኩ። በደብተርዎ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ጾም ወይም ፍስክ መሆኑን፣ ቲኤስኤችን፣ ነፃ ቲ4ን፣ ኤልዲኤልን፣ ትራይግሊሰራይድንና የሚወስዱትን መድኃኒት መጠን በአንድ መስመር ላይ ይጻፉ፤ ሐኪም በቀየሩ ቁጥርም ያንኑ ገጽ ከፍተው ያሳዩ።